የአንድ አልጋ ስፍራ

(በማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ከጎረቤት ጋር ደጅ ወጥታችሁ ልደታን ላከበራችሁ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ።

ሰብሳቢያችን ባለፈው ወር «አንቺ ደግሞ ያነበብሽውን አንድ መጽሐፍ ንገሪን» ሲሉኝ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። እናንተ እኔን የምታውቁኝ የቁጠባ ደብተር ሳመሳክር፣ የጎደለች አምስት ብር ፍለጋ እስከ ማታ ስቀመጥ ነው። የተማርኩት በኮሌጅ ዲፕሎማ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ሃያሲ አልተነትንላችሁም። ያነበብኩት በአባቴ ሐዘን ጊዜ ነው፤ በቤታችንም አንድ ነገር እንዲለወጥ ረዳኝ። እሱን ነው የማወራችሁ። የቤታችንን ጉዳይ እዚህ የምናገረውም እናቴንና እኅቴን አስፈቅጄ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ስሙ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ጥላው ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። የጻፈችው መዓዛ መንግሥቴ ናት። አዲስ አበባ የተወለደች፣ በአብዮቱ ጊዜ ገና ሕፃን ሳለች ከቤተሰቧ ጋር ከአገር የወጣች፣ በናይጄሪያና በኬንያ አድርጋ አሜሪካ ያደገች ደራሲ ናት። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ በ2020 ደግሞ ለታወቀው የቡከር ሽልማት ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት 6 መጻሕፍት አንዱ ነበር። የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ፣ በቀን አምስት ስድስት ገጽ እያልኩ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ከመጽሐፉ በፊት ግን ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነውና።

መዓዛ ስለ ጣሊያን ወረራ ልብ ወለድ ለመጻፍ ዓመታት ደክማለች። ጣሊያን አገር ሄዳ መዛግብት አገላብጣለች፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የወታደሮችን ፎቶግራፍ ሰብስባለች። ያን ሁሉ ስታደርግ በገዛ ቤተሰቧ ውስጥ ዘማች ሴት እንደነበረች አታውቅም። የነገረቻት እናቷ ናት፤ እሱም ሥራው ብዙ ከሄደ በኋላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ከየቤቱ የበኩር ልጅ ጠመንጃ ይዞ እንዲዘምት ታዘዘ። በመዓዛ ቅድመ አያት ቤት የመጀመሪያ ልጅ ጌጤ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ለዘመቻ የደረሰ ወንድም አልነበራትም። አባቷም ጠመንጃውን ለእሷ ሳይሆን በቤተሰብ ስምምነት ለተዳረችለት ሰው ሊሰጥ አሰበ። እሷ ግን «የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፤ ጠመንጃውም ዘመቻውም የእኔ ነው» ብላ አባቷን ዳኞች ፊት አቆመችው። ከሰሰችው! ረታችውም። ጠመንጃዋን ተቀብላ ዘመተች።

እስቲ አስቡት። አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ዳኛ ፊት ቆማ ውርሷን ስትጠይቅ። የጠየቀችው መሬት አይደለም፣ ከብት አይደለም፣ ለሞት የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ይህን ያህል ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ሳይነገር ከሴት ወደ ሴት አልፎ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ጋ የደረሰው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው።

አንዳንዶቻችን «በዚያ ዘመን ሴት አባቷን ከሳ?» ብለን እንገረም ይሆናል። ነገር ግን አያቶቻችን ፍርድ ቤት አይፈሩም ነበር። በአማራ አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚቆጠር ስለነበር ሴት ልጅም የርስት ጠያቂ ነበረች። ለመብቷ ዳኛ ፊት መቆምና መሟገት የተለመደ ነው። ከባዱ ያገኙትን በእጅ ማቆየቱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜም ቢሆን ጌጤ ብቻዋን አልነበረችም። እነ ሸዋረገድ ገድሌን፣ እነ ከበደች ሥዩምን፣ እነ ልኬለሽ በያንን ታሪክ ያውቃቸዋል። ሸዋረገድ ገድሌ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተወስዳ ታስራለች። የከበደች ሥዩም ባል ደጃዝማች አበራ ካሣ በፍቼ ሲገደሉ እሷ አርበኝነቱን ቀጥላለች። ስማቸው ያልተጻፈ ደግሞ ስንቅ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ ያነሡ፣ የተኮሱም ስንት አሉ። እነሱ ከዘመቻ ተመልሰው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ታሪካቸውም አብሮ ጓዳ ገባ።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ልምጣ። ዋናዋ ባለታሪክ ሂሩት ትባላለች። እናትና አባቷ የሞቱባት፣ በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት በገረድነት የገባች ልጅ ናት። ከአባቷ የቀረላት ብቸኛ ውርስ አንድ አሮጌ ውጅግራ ነው። የኪዳኔ ቤት ሰዎች ጠመንጃውን ሲያገኙት ኪዳኔ «ለጦርነቱ ያስፈልጋል» ብሎ ይወስድባታል። የምትሰጠው ምክንያት የላትም፣ የሚሰማትም የለም። የሂሩት ታሪክ በብዙ መልኩ የተነጠቀ ውርስን የማስመለስ ታሪክ ነው።

አስቴር በሂሩት ላይ ጨካኝ ናት፤ ትገርፋታለች። አንባቢ ገና ከመጀመሪያው ይጠላታል። በኋላ ግን አስቴር ራሷ በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ የተዳረች፣ የሠርጓ ሌሊት በጉልበት የተያዘች፣ ብቸኛ ልጇን የቀበረች ሴት መሆኗን እናያለን። ያን ሐዘኗን ለማንም አልተናገረችም፤ ያልተናገረችውን በአቅመ ቢሷ ልጅ ጀርባ ላይ ታወጣዋለች። ኪዳኔም በጦር ሜዳ ጀግና፣ በድንኳኑ ውስጥ ሂሩትን የሚደፍር ሰው ነው። ደራሲዋ አንዱን ለመናገር ብላ ሌላውን አልደበቀችም። እኛ ግን ስለ አባቶቻችን ስናወራ ብዙ ጊዜ ግማሹን ነው የምናወራው።

የመጽሐፉ ስም የመጣው ምንም ከሚባል ሰው ነው፤ አዎ፣ ስሙ «ምንም» ነው። መልኩ ንጉሡን ስለሚመስል፣ ጃንሆይ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ አርበኞቹ እሱን እንደ ንጉሥ አልብሰው ለሕዝቡ ያሳዩታል፤ ሂሩትም ጠባቂው ትሆናለች። ገረዷ የዘበኛ ልብስ ለብሳ ጠመንጃ አንግታ ትቆማለች።

በጣሊያን በኩልም ኤቶሬ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ወታደር አለ። የአለቃውን ትእዛዝ እየተቀበለ እስረኞችን፣ ሂሩትንና አስቴርንም ጭምር፣ ፎቶ ያነሣል። ኤቶሬ አይሁዳዊ ነው። በዚያው ጊዜ በአገሩ አይሁዶች እየተቆጠሩ መብታቸው እየተገፈፈ ነው። አባቱ የቀድሞ ሕይወቱን ከልጁ ደብቆ የኖረ ሰው ነው፤ ልጁ አባቱን በደንብ ማወቅ የሚጀምረው በደብዳቤ፣ በሩቅ፣ ከረፈደ በኋላ ነው።

መጽሐፉ የሚከፈተው ከብዙ ዓመታት በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ነው። አብዮቱ ሊፈነዳ ተቃርቧል። ሂሩት ሸምግላለች። ጭኗ ላይ ሣጥን አለ፤ በሣጥኑ ውስጥ የኤቶሬ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች አሉ። ለዓመታት አስቀምጣቸው ለባለቤቱ ልትመልስ መጥታለች። ይቅርታ ልታደርግለት አልመጣችም፤ ቂሟን ልትወጣም አይደለም። የያዘችውን የሌላ ሰው ንብረት ልታስረክብ ነው የመጣችው። እኔን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ያስደነቀኝ ይህ ነው። እርቅ ማለት ለእኔ መተቃቀፍና መላቀስ ይመስለኝ ነበር። ከሂሩት የተማርኩት ግን እርቅ በርክክብ ሊጀምር እንደሚችል ነው፤ ያንተ ይኸው፣ የእኔን ስጠኝ።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ሁላችሁም ለቅሶ መጥታችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አርባው ከወጣ በኋላ የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነበረብን። ታላቅ ወንድሜ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ ሄዶ ማመልከቻውን አስጽፎ መጣ። በማመልከቻው ላይ ሟች ከእኛ ከሦስታችን በስተቀር ሌላ ልጅ እንደሌላቸው ተጽፏል። ሦስታችን እንድንፈርም፣ ምስክሮችም ያንኑ እንዲያረጋግጡ ነው።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ነውና ሰነዶቹን ማደራጀት ለእኔ ተሰጠ። አባቴ ወረቀት አይጥልም ነበር። የውኃና የመብራት ደረሰኝ፣ የኮንዶሚኒየም ክፍያ፣ የዕድር ካርድ፣ ሁሉም በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ከታች በላስቲክ የታሰሩ የባንክ ገቢ ማድረጊያ ወረቀቶች አገኘሁ። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ደመወዝ በወጣ ሳምንት፣ ለአንድ የማላውቀው የሴት ስም። መጀመሪያ 100 ብር፣ ከዓመታት በኋላ 300፣ ከዚያ 500፣ በመጨረሻም 1,000። የተላከው ደሴ ነው። የሴትየዋ የአባት ስም የአባቴ ስም ነው።

በሥራዬ ብዙ ሰነድ አይቻለሁ። እንዲህ በየወሩ ሳይዛነፍ የሚሄድ ገንዘብ የብድር ክፍያ ነው፣ ወይም የልጅ ተቆራጭ ነው። ብድር ደግሞ እያደር አይጨምርም።

ሌላም ነገር አየሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ወረቀቶች ላይ ያለው ጽሕፈት የአባቴ አይደለም። አባቴ በነዚያ ዓመታት እጁ እየተንቀጠቀጠ ፊርማ እንኳ ያስቸግረው ነበር። ጽሕፈቱ የእናቴ ነው።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አልኩና ወረቀቶቹን እሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። አየቻቸው። ምስሩን መልቀም አላቆመችም።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«መጀመሪያ አባትሽ አፍሮ ደበቀ። በኋላ እኔ አፍሬ ደበቅሁ። ከዚያ እናንተ አደጋችሁና ጊዜው አለፈ። ማንስ ጠየቀኝ?»

አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ይሠራ ነበር። ልጅቱ እዚያ ተወለደች። ከእኛ ሁሉ ትበልጣለች። የአባቴ የበኩር ልጅ ማለት እሷ ናት። የጌጤ ታሪክ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። «የበኩር ልጅ እኔ ነኝ» ብላ ዳኛ ፊት የምትቆም ልጅ በእኛም ቤት አለች፤ ግን አባቷ መሞቱን እንኳ የነገራት የለም። ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ነጠላ ሳታዘቀዝቅ ሁለት ወር አልፏል።

ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። ታናሹ ዝም አለ። ታላቁ ተቆጣ። «አባዬ ራሱ ሳይነግረን ያለፈውን እኛ ምን አግብቶን እናወጣዋለን? ነገ ሌላዋም፣ ሌላውም እኔም ልጅ ነኝ እያለ ሲመጣ እያንዳንዱን ልታስተናግጂ ነው? ማመልከቻው ተጽፏል፤ ፈርሚ» አለኝ። አልፈርድበትም። ሥራው ተዳክሞበታል፣ ዕዳም አለበት፣ ከአባቴ ድርሻ ትንሽ ተስፋ ጥሎ ነበር። ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። መጽሐፉን ያነበብኩት በነዚያ ሳምንታት ነው።

አንድ እሑድ ካልኩሌተሬንና አንድ ወረቀት ይዤ እቤቱ ሄድኩ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩለት። ቤታችን አሮጌው የልደታ ሰፈር ሲፈርስ የቀበሌ ቤታችንን ለቅቀን በደረሰን ዕድል የገዛነው ኮንዶሚኒየም ነው። ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 24ቱ፣ የእናታችን ነው፤ ይህ ውርስ አይደለም፣ የራሷ ድርሻ ነው። ውርሱ የቀረው 24 ነው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 8 ካሬ ይደርሰናል። ለአራት ሲካፈል 6። ልዩነቱ 2 ካሬ ሜትር ነው።

«አየህ፣ ጋሼ» አልኩት፤ «ሁለት ካሬ የአንድ አልጋ ስፍራ ነው። ፍርድ ቤት ቀርበን በሐሰት የምንፈርመው ለአንድ አልጋ ስፍራ ነው። አባዬ ደግሞ ያን የአልጋ ስፍራ ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ ሲከፍልበት ኖሯል።»

ምንም አልመለሰልኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በሳምንቱ ደወለና «ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይገባል?» አለኝ።

እኅታችን መጣች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ የራሷ ልጆች ያሏት፣ አነጋገሯ የወሎ፣ አረማመዷ ደግሞ ቁርጥ አባቴን የሆነች ሴት ናት። እማዬ በሩ ላይ ተቀበለቻት። ሁለቱ ጓዳ ገብተው ለረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅንም። ስትወጣ እኅታችን ያለችው «ድርሻ አልፈልግም» ነበር። «ገንዘቡ ሲደርሰኝ ኖሯል፤ እኔ ያጣሁት ፎቶ ነው። የአባቴ አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም» አለች። አልበሙን አወጣን። ያን ዕለት ሂሩት ሣጥኗን ጭኗ ላይ ይዛ ለገሃር ስትጠብቅ በዓይኔ ታየችኝ። ለካ እኛም የሌላ ሰው ንብረት ይዘን ነበር።

ድርሻዋንም ቢሆን አላስቀረንባትም። የቀድሞውን ማመልከቻ ትተን በአራት ሰው ስም አዲስ አስጻፍን። እማዬ እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ ተስማማን፤ ስምምነቱንም ጽፈን ፈረምን። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ታላቅ ወንድሜ ለወራት እኅታችንን «እሷ» እያለ ነበር የሚጠራት። እኔም አባቴን አንዳንድ ማታ እቆጣዋለሁ፤ ሙት ሰው መቆጣት ደግሞ አድካሚ ነው። እማዬን «እንዴት ቻልሽው?» ብዬ ስጠይቃት «የልጁን ነገር ቻልኩት። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ» ብላኛለች።

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፤ በዚህ ነገር ውስጥ ሳልፍ ሕጉን አንብቤያለሁ፤ ጠበቃም አማክሬያለሁ። ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ስለሆነ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ እኩል ድርሻ እንዳላቸው ይናገራል። በጋብቻ ውስጥ መወለድና ከጋብቻ ውጭ መወለድም የልጅን ወራሽነት አይለውጥም። አባትነቱ ይታወቅ እንጂ ልጅ ልጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ሚስት ያለ ኑዛዜ ከባሏ አትወርስም፤ ባልም ከሚስቱ እንዲሁ። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም። ሚስት የምታገኘው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው። ስለዚህ ባልሽ ከጋብቻ በፊት ያፈራው ቤት ውስጥ የምትኖሪ ከሆነ፣ ያለ ኑዛዜ ያ ቤት ያንቺ ላይሆን እንደሚችል ዛሬ እወቂው።

ሦስተኛ፣ «ሲሞት በቃሉ ተናዞልኛል» ማለት ለቤት አያገለግልም። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ይሁን እንጂ የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትነትና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ቤት የሚተላለፍበት ኑዛዜ በጽሑፍ መሆን አለበት። አንድም ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ ይጽፈዋል፣ ቀን ይጥልበታል፣ ይፈርምበታል፤ አንድም በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። በሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገብ ደግሞ ከብዙ ክርክር ያድናል።

አራተኛ፣ ጊዜ አለው። ወራሽ መሆኗንና ንብረቱም በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ያወቀች ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀች መብቷ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። «ዘመድ ነው፣ ያስብልኛል» እያላችሁ አትቆዩ።

እዚህ ሰፈር የምንኖር ሰዎች በየጠዋቱ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ፋይል አንግቦ የሚጎርፈውን ሰው እናያለን። ከባቡሩ ሲወርዱ ወንድምና እኅት በተለያየ በር ወርደው፣ ሳይተያዩ መንገድ ሲሻገሩ አይቻለሁ። በአንድ ጡት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ክርክር በውይይት ያልቃል ብዬ አላምንም፤ ጌጤም አባቷን የከሰሰችው ሌላ መንገድ ስላልነበራት ነው፤ መክሰሷም ትክክል ነበር። ሰው መብቱን ሲነጠቅ ዳኛ ፊት መቆም ነውር አይደለም። ግን ከእነዚያ ፋይሎች ስንቱ፣ በወቅቱ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ሳይከፈት ይቀር ነበር እላለሁ።

ከዚህ ቀደም በስብሰባችን ላይ «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ያላችሁ እናቶች ነበራችሁ። ልክ ናችሁ። ገመና ሁሉ ይውጣ አላልኩም። የሰው ሕመም፣ የልጅ ስሕተት፣ የባልና ሚስት ጠብ እዚያው ይቅር። እኔ የምለየው በዚህ ነው፤ የሚደበቀው ነገር የሌላ ሰው ድርሻ ካለበት ገመና መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል። የልጅቱ አባት ማን እንደሆነ የልጅቱ ድርሻ ነው። የሂሩት ውጅግራ የሂሩት ነው። የጌጤ ጀግንነት የልጅ ልጆቿ ነው። በሒሳብ መዝገብ ዕዳን ባለመጻፍ ዕዳ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሚዛኑ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው። «በልጅነትሽ ምን ነበርሽ? ከማን ጋር አደግሽ? ምን ቀረብሽ?» በሏቸው። ምናልባት በእናንተም ቤት ጠመንጃ ያነገተች ሴት አለች። እናቶች የሆናችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ ቆርቆሮ ከፍተው ከደረሰኝ ላይ ከሚያነቡት፣ ከአፋችሁ ይስሙት። ኑዛዜ ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁም ቅዳሜ ከሰዓት ቁጠባ በምንሰበስብበት ጠረጴዛ አለሁ፤ ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ አብረን እንዘረዝራለን፤ ያለ ክፍያ ነው።

እኅታችን ዘንድሮ ለፋሲካ ልጆቿን ይዛ መጣች። ሌሊት ስላልመሸላቸው እዚያው አደሩ፤ ሳሎን ውስጥ ታጣፊ አልጋ ዘረጋንላት። ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ቡና ይዞ ገባና፣ ከእንቅልፏ እንዳትደነግጥ ቀስ ብሎ «እትዬ» ሲል ሰማሁት። ጓዳ ነበርኩ። ድስቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ።